የፈረንሳይ ፊልም ውስጥ ያየናት የእኛዋ ልጅ፦ ሊያ ከበደ ማን ናት?

ዛሬ ከፖለቲካውም ከኑሮ ውድነቱም ትንሽ ወጣ እንበልና ስለ አንዲት ሴት እናውራ። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከፓሪስ ተነስቶ ተመልሶ እኛው ሰፈር ነው የሚያርፈው።

«ሳምባ» የሚባል የፈረንሳይ ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ታዋቂው ፈረንሳዊ ተዋናይ ኦማር ሲ ወረቀት የሌለው የሴኔጋል ስደተኛ ሆኖ ይሠራበታል። ፓሪስ ውስጥ ሳህን ያጥባል፣ ከፖሊስ ይደበቃል፣ የሰው መታወቂያ ይዞ ሥራ ይፈልጋል። ታዲያ ፊልሙን እያያችሁ ድንገት አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። «ይቺ ሐበሻ ናት እንዴ?» ትላላችሁ። አዎ፣ ናት። ሊያ ከበደ ትባላለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት።

እኛ አይከል ቁጭ ብለን ይህን ስንጽፍ አጠገባችን ያለው አስፋልት ከጎንደር መጥቶ ወደ መተማ የሚወርደው ነው። በዚህ መንገድ ስንቱ ጓደኛችን ሱዳንን አቋርጦ ለመሄድ እንደወጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስለ ወረቀት አልባ ስደተኛ የተሠራ ፊልም ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። የሊያም ታሪክ እንደዚያው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ስለ ውበትና ስለ ካሜራ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን ስለ እናቶቻችንና ስለ እህቶቻችን ነው።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ለይተን ካልነገርናችሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዐድዋ ዋዜማ የተወለደችው ልጅ

ሊያ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፣ መጋቢት 1 ቀን 1978። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት የካቲት 22 ቀን 1970 ዓ.ም. ይሆናል፤ የዐድዋ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ዘመኑ ደርግ ሥልጣን ላይ የነበረበት፣ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር የምትታመስበት ነበር።

የተማረችው ሊሴ ገብረማርያም ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1947 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተ፣ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ስለ ሊያ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው መልኳ ነው። ግን ከመልኳ በፊት የነበራት ሀብት ቋንቋ ነበር። በአፍ መፍቻዋ አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛ። ፓሪስ ስትሄድም ሆነ በኋላ ፊልም ላይ ስትሠራ ይህ ነገር ጠቅሟታል። መልክ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ካሜራ ፊት ቆሞ በሰው አገር ቋንቋ ቃለ ተውኔት መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ገና ተማሪ እያለች አንድ የፊልም ባለሙያ አይቷት ከፈረንሳይ የሞዴል ወኪል ጋር እንዳገናኛት ይነገራል። ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ ፓሪስ ሄደች።

በር ወዲያው አልተከፈተም

«ፓሪስ ሄደች፣ ታዋቂ ሆነች» ብለን ብንጨርሰው ደስ ይለን ነበር። እንደዚያ አይደለም። ወደ ፓሪስ የሄደችው በ1990ዎቹ ነው፤ ስሟ የተሰማው ግን ወደ አሜሪካ ተሻግራ ከቆየች በኋላ፣ በ2000 ነው።

የዚያን ዓመት የጣሊያኑ የፋሽን ድርጅት ጉቺ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ የድርጅቱ ዲዛይነር ቶም ፎርድ ሊያን በልዩ ውል መረጣት። ልዩ ውል ማለት ምን ማለት መሰላችሁ? በዚያ የትርኢት ሰሞን ለሌላ ድርጅት ሳትሠራ ለእነሱ ብቻ መድረክ ላይ ትወጣለች ማለት ነው። ሌሎች ዲዛይነሮች ይህን ሲያዩ «ይቺ ልጅ ማን ናት?» ማለት ይጀምራሉ። ገበያው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ከመረጠሽ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፓሪሱ «ቮግ» መጽሔት የግንቦት 2002 እትሙን በሙሉ ለሊያ ሰጣት። አንድ ገጽ ወይም ሽፋኑን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን እትም። በወቅቱ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ካሪን ሮይትፌልድ ነበረች። ወዲያው ያልተከፈተው የፓሪስ በር በዚህ ሁኔታ ወለል ብሎ ተከፈተ።

በ2003 ደግሞ የአሜሪካው የመዋቢያ ድርጅት ኤስቴ ላውደር ሊያን የማስታወቂያው ፊት አደረጋት። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1946 ነው። በ57 ዓመት ታሪኩ ጥቁር ሴት በዚህ ቦታ ላይ ስትቀመጥ ሊያ የመጀመሪያዋ ነበረች። እስቲ አስቡት፤ ለ57 ዓመት «የውበት ፊት» ተብላ ጥቁር ሴት አልተመረጠችም፣ በመጨረሻ ስትመረጥ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ ሆነች። በ2007 «ፎርብስ» መጽሔት በዓለም ላይ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው 15 ሞዴሎች ውስጥ 11ኛ ላይ አስቀምጧታል።

እዚህ ላይ ለእህቶቻችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በቴሌግራምም በፌስቡክም «ሞዴል እናደርግሻለን፣ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ክፈይ፣ ፎቶ ላኪ» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። እውነተኛ የሞዴል ወኪል ገንዘብ የሚያገኘው ሞዴሏ ሠርታ ከተከፈላት ላይ ኮሚሽን በመውሰድ ነው። ገና ሥራ ሳትሠሪ ገንዘብ የሚጠይቅሽ፣ ወይም ልብስሽን አውልቀሽ ፎቶ ላኪ የሚልሽ ሰው ወኪል አይደለም፣ አጭበርባሪ ነው። ፓስፖርትሽን «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ወደ ፊልም መግባት፦ ትንንሽ ሚናዎች

ብዙ ሞዴሎች ወደ ፊልም ሲገቡ የሚገጥማቸው ነገር አንድ ነው። ዳይሬክተሩ የሚፈልገው መልካቸውን እንጂ ትወናቸውን አይደለም። ሊያም የጀመረችው ከዚሁ ነው። በ2005 ኒኮላስ ኬጅ በመሪነት በሚሠራበት «ሎርድ ኦፍ ዋር» በሚባለው ስለ መሣሪያ ነጋዴ በሚተርክ ፊልም ላይ በትንሽ ሚና ታየች። በ2006 ደግሞ ሮበርት ዲኒሮ ራሱ ዳይሬክት ባደረገው «ዘ ጉድ ሼፐርድ» ላይ። ስሙ ትልቅ ነው፣ ሚናው ትንሽ። መጥታ ትሄዳለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተቀየረ።

«የበረሃ አበባ»፦ መሪ ተዋናይት የሆነችበት ፊልም

በ2009 «ደዘርት ፍላወር» የሚባል ፊልም ወጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የበረሃ አበባ» ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ሼሪ ሆርማን ናት። ፊልሙ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በጣሊያን የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 እዚያው ቬኒስ ላይ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ፊልሙ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ተሸልሞ ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የእኛ ሰው ቬኒስ ላይ ነበር ማለት ነው።

«የበረሃ አበባ» እውነተኛ ታሪክ ነው። የሶማሊያዋ ዋሪስ ዲሪ በ1998 ካሳተመችው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ዋሪስ በሶማሊያ በረሃ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ተወለደች። በሕፃንነቷ ተገረዘች። ያውም ከባዱ ዓይነት፤ ተቆርጦ የሚሰፋው። 13 ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ ሌሊት ተነስታ በበረሃው ጠፋች። ሞቃዲሾ ደረሰች። ከዚያ ለንደን ሄዳ በዘመድ ቤት በሠራተኝነት አገለገለች። ቀጥሎ በአንድ ምግብ ቤት እየሠራች ሳለ አንድ ፎቶ አንሺ አያትና ሞዴል ሆነች።

ዋሪስ ዝም ማለት ትችል ነበር። ገንዘብ አለ፣ ስም አለ። እሷ ግን በ1997 በአደባባይ ወጥታ «እኔ ተገርዣለሁ፣ ይህ ነገር መቆም አለበት» አለች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግርዛትን ለማስቆም ልዩ አምባሳደር አድርጎ ሾማት።

ታዲያ የዋሪስን ሕይወት ማን ይሥራው? ሊያ ተመረጠች። ሁለቱም የአፍሪካ ቀንድ ልጆች፣ ሁለቱም ሞዴሎች። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ሊያ በከተማ፣ በጥሩ ትምህርት ቤት ያደገች ናት። የዋሪስን መንገድ አልሄደችበትም። ስለዚህ ይህ ፊልም ላይ «ቆንጆ ሆነሽ ቁሚ» አይሠራም። ለንደን መጥታ ቋንቋ የማታውቅ፣ የምትፈራ፣ ሰውነቷ ላይ የተደረገው ነገር በሁሉም ሴት ላይ የተደረገ የሚመስላት ልጅ መሆን ነበረባት።

ፊልሙ ውስጥ አብዛኛው ሰው የማይረሳው ትዕይንት አለ። ዋሪስ ከእንግሊዛዊት ጓደኛዋ ጋር እያወራች ሌሎች ሴቶች እንዳልተገረዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ታውቃለች። ይህ ነገር ልብ ይነካል፤ ምክንያቱም ግርዛት ለዘመናት የቆየበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ሁሉም የተገረዘበት ቦታ ላይ ያለች ሴት ሕመሙን «የሴትነት ዕጣ» አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ሌላ ዓይነት ሕይወት እንዳለ የሚነግራት የለም።

ይህ የሶማሊያ ጉዳይ ነው እንዴ? አይደለም

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶዎቹ የተገረዙ ናቸው። በአማራ ክልልም ከ10 ሴቶች 6 ያህሉ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? በሶማሊና በአፋር አካባቢ ዋሪስ ላይ የተደረገው ተቆርጦ የሚሰፋው ዓይነት በብዛት ይገኛል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅቷ በተወለደች በቀናት ውስጥ ነው የሚፈጸመው፤ ገና ጡት ስትጠባ። ስለዚህ ብዙዎቻችን እህቶቻችን ላይ ሲደረግ አላየንም፣ እነሱም አያስታውሱትም። ያልታየ ነገር ደግሞ አይወራም።

ጤናው በኩል ያለው ጉዳት ግን አለ። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ በኋላም በወሊድ ጊዜ የሚመጣ ችግር። «ንጽሕና ነው»፣ «ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች» የሚባለው ሁሉ በሕክምና ምንም መሠረት የለውም።

ሕጉስ? ከ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 መሠረት ሴትን መግረዝ ከ3 ወር ባላነሰ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ባላነሰ መቀጮ ያስቀጣል። መስፋት ካለበት ደግሞ በአንቀጽ 566 ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሕጉ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል።

ተስፋ የሚሰጠውን ደግሞ እንንገራችሁ። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች ውስጥ የተገረዙት 47 በመቶ ናቸው። ከእናቶቻቸው ትውልድ ጋር ስታስተያዩት ቁጥሩ እየወረደ ነው። ስለዚህ «ባህል ነው፣ አይቀየርም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። እየተቀየረ ነው። የሚቀየረው ግን ሰው ሲናገር ነው።

የፈረንሳይ ፊልሞቿ

ከ«የበረሃ አበባ» በኋላ የፈረንሳይ ዳይሬክተሮች ሊያን ይጠሯት ጀመር። በ2011 ዣን ዣክ አኖ «ብላክ ጎልድ» የሚለውን ስለ አረብ በረሃ ነዳጅ የሚተርክ ፊልም ሲሠራ ሊያ አንዷ ተዋናይት ነበረች። አብረዋት አንቶኒዮ ባንዴራስና ታሃር ራሂም አሉ። በ2012 አንጋፋው ኮስታ ጋቭራስ «ለ ካፒታል» የሚለውን ስለ ባንክና ስለ ስግብግብነት የሠራው ፊልም መጣ፤ ሊያ እዚያ ላይ የሠራችው ሱፐር ሞዴል ሆና ነው። በ2013 በጣሊያናዊው ጁሴፔ ቶርናቶሬ «ዘ ቤስት ኦፈር» ላይ ታየች። በ2014 መጀመሪያ ላይ ያነሳነው «ሳምባ» ተከተለ።

«ሳምባ» ላይ ገጸ ባህሪዋ ሁለት ስም አላት፤ ማጋሊም ግራሲየዝም ትባላለች። ለስደት ፊልም የሚስማማ ነገር ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ስሙም የራሱ አይደለም። ዋናው ገጸ ባህሪ ራሱ በሰው ስም እየሠራ «እኔ ማን ነበርኩ?» እስኪል ይደርሳል። በመተማ በኩል ወጥታችሁ የተመለሳችሁ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ፈረንሳይ ይህን ሁሉ ፊልም የምትሠራው እንዴት ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በሚሸጥ እያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ 10.72 በመቶ ግብር አለ። የሆሊውድ ፊልም ትኬትም ቢሆን ይቆረጥበታል። ገንዘቡ በ1946 ወደተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባና ተመልሶ ለአገር ውስጥ ፊልም መሥሪያ ይውላል። ስለዚህ ሰው የአሜሪካ ፊልም ባየ ቁጥር የፈረንሳይ ፊልም ይደጎማል። የሊያ ዓይነት ከውጭ የመጣች ተዋናይት ሥራ የምታገኘው እንደዚህ ዓይነት በእግሩ የቆመ ኢንዱስትሪ ስላለ ነው።

ሆኖም ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። የሊያን ሚናዎች ደርድራችሁ እዩዋቸው። ሞዴል፣ ስደተኛ፣ ቆንጆ እንግዳ። ዶክተር የለችም፣ ዳኛ የለችም፣ ተራ የፓሪስ ጎረቤት የለችም። ይህ የሷ ብቻ ችግር አልነበረም። በ2018 ዳካር የተወለደችው ፈረንሳዊት ተዋናይት አይሳ ማይጋን ጨምሮ 16 ጥቁርና ክልስ ተዋናዮች «ጥቁር መሆን ሙያዬ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በካን ፊልም ፌስቲቫል ቀይ ምንጣፍ ላይ አንድ ላይ ሆነው ወጡ። የሚሉት ግልጽ ነበር፤ የሚሰጠን ሚና ጽዳት ሠራተኛ፣ ስደተኛ ወይም ሴተኛ አዳሪ ብቻ ነው። ሊያ ከ16ቱ አንዷ አይደለችም። ግን የሚሉትን ነገር በፊልሞቿ ዝርዝር ላይ ታዩታላችሁ።

በአጭሩ፣ ፊቷ በሩን ከፈተላት፤ ከበሩ በኋላ ያለው ክፍል ግን ጠባብ ነበር። እኛን የሳበን ደግሞ ይህን ጠባብ ክፍል ይዛ ምን አደረገች የሚለው ነው።

ከካሜራ ውጭ፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»

እዚህ አገር ሴት ስትወልድ ምን እንላታለን? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። አስባችሁበት ታውቃላችሁ? «እንኳን ደስ አለሽ» አይደለም የምንላት። «ማረችሽ» ነው። ወሊድ ማለት ሞት ደጅ ደርሶ መመለስ እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ይናገራል።

በ2005 ሊያ በዓለም ጤና ድርጅት የእናቶች፣ የጨቅላ ሕፃናትና የሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና ተሾመች። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ500 ሺህ በላይ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በዚያው ዓመት በስሟ ፋውንዴሽን አቋቁማ በዚሁ ጉዳይ ላይ መሥራት ጀመረች። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው «የበረሃ አበባ» ከመሠራቱ አራት ዓመት በፊት ነው። ፊልሙ ሲመጣ ሊያ ስለ ሴቶች ጤና አዲስ አልነበረችም።

ለእኛስ ቁጥሩ ምን ይላል? በ2000 በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 412 ደርሷል። ከግማሽ በላይ ወረደ። ግን 412 እናት ማለት እኮ 412 የፈረሰ ቤት ነው። በ2016 በጤና ተቋም የወለዱት ከ4 እናቶች 1ዋ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2019 ግን ወደ ግማሽ ተጠግቷል።

የጤና ባለሙያዎች እናት ለምን ትሞታለች ሲባሉ «ሦስቱ መዘግየቶች» ይላሉ። በእኛው አገር እንተርጉመው፦

1ኛ፦ ቤት ውስጥ መዘግየት። ምጥ ጠንቶባታል፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ግን «ትንሽ እንጠብቅ፣ ባሏ ይምጣ፣ አማቷ ትወስን» ይባላል።

2ኛ፦ መንገድ ላይ መዘግየት። ከጭልጋ ገጠር ቀበሌ አይከል ለመድረስ፣ ከአይከል ደግሞ ጎንደር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ክረምት ሲሆንስ? አምቡላንስ ሳይኖር፣ ወይም መንገዱ ሲዘጋስ? ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰላሙ ቀን ቅርብ ነው። ደም ለሚፈሳት ሴት ግን ሩቅ ነው።

3ኛ፦ ተቋሙ ደርሳ መዘግየት። ባለሙያ የለም፣ ደም የለም፣ መድኃኒት የለም።

ታዲያ አንድ ተዋናይት ይህን ምን ታደርገዋለች? አምቡላንስ አትነዳም፣ ደም አትሰጥም። የምትችለው አንድ ነገር ነው። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ማንም የማይሰማውን ጉዳይ ካሜራ እንዲያየው ማድረግ። ካሜራ የሚከተላት እሷን ነው። እሷ ደግሞ ካሜራውን ወደ እናቶች አዞረችው። ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀሪውን የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጆችና ቤተሰብ ናቸው። ነፍሰ ጡር እህት ያላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ካለ ጠይቁ። ቀኗ ሲቃረብ ሄዳ የምትቆይበት ቤት ነው። ሁለተኛውን መዘግየት ከመነሻው ያስቀረዋል።

ለምለም፦ ሸማኔን ማን ናቀው?

በ2007 ሊያ «ለምለም» የሚባል የልብስ ድርጅት መሠረተች። ስሙን እኛ ማብራራት አያስፈልገንም። መነሻው እንዲህ ነው። አገር ቤት ስትመጣ ሸማኔዎች ገበያ እያጡ ሥራቸውን ሲተዉ አየች። ስለዚህ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ልብስ ውጭ አገር የሚለበስ ዓይነት አድርጎ ማሠራትና መሸጥ ጀመረች። ልብሱ በውጭ ገበያ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። በጎንደርና በአካባቢው ሽመና ለዘመናት የቤተ እስራኤልና የሙስሊሞች ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ልብሱን ሁሉም ይለብሰዋል፤ ጥምቀት ያለ ነጭ ልብስ የለም። የሚሸምነውን ሰው ግን «ሸማኔ» እያልን ስድብ አደረግነው። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» አልናት። በሠራው የምንደምቅበትን ሰው ናቅነው። የሽማግሌ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬም ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች የሚሰዳደቡበት ቃል ነው።

ያው ሙያ ኒውዮርክና ፓሪስ ሲደርስ «ጥበብ» ይባላል። እኛ ጋ ሲሆን «ስድብ»። ጨርቁ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ሰው ዓይን ነው። ሊያ ይህን በንግግር አላስተማረችም፤ ሽያጭ ውስጥ አስገብታ አሳየችው።

በነገራችን ላይ ሊያ ኢንስታግራም ላይ የመጻሕፍት ንባብ ክበብ አላት። በሊሴ የጀመረችው ልጅ ተመልሳ መጽሐፍ ላይ ነች።

ምን እንያዝ?

የሊያ ታሪክ «ሕልምህን ተከተል፣ ሁሉም ይቻላል» የሚል ታሪክ አይደለም። እንዲህ ብለን ብንነግራችሁ ውሸት ይሆናል። ሊያ ጥሩ ትምህርት ቤት ተምራለች፣ ቋንቋ ነበራት፣ ሰው አይቷታል። አይከል ላይ ከሷ የማታንስ ልጅ ልትኖር ትችላለች፤ ግን ማንም ያላያት። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፣ መደበቅም የለበትም።

ግን ሌላ ነገር አለ። ዓለም ለሊያ የሰጣት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ፊት። «ቆንጆ ነሽ፣ ቁሚ፣ እንይሽ» ነው ያላት። እሷ ያንን ፊት ይዛ ሦስት የማይወሩ ነገሮች ፊት ለፊት ቆመች። ግርዛት፣ በወሊድ የምትሞት እናት፣ የተናቀ ሸማኔ። ሦስቱም እኛ ጋ አሉ። ሦስቱም ላይ እኛ ዝም እንላለን።

«የበረሃ አበባ» ፊልምን አግኝታችሁ ካያችሁት ብቻችሁን አትዩት። ከእህታችሁ፣ ከተቻለም ከእናታችሁ ጋር እዩት። አንዳንዱ ትዕይንት ከባድ ነው፣ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ካያችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እኛ ቤት ቀጥላ የምትወለደው ሴት ልጅስ?»

መልሱን እኛ አንጽፍላችሁም። እናንተ ቤት ነው ያለው።